የቦዬው ነጭ ወፍ ፈረንሳይ ውስጥ በጥይት ይገደላል የሚባለው እውነት ነው?

የቦዬ ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ግራ ስላጋባኝ ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ከረዘመ ይቅርታ።

ታናሽ ወንድሜ ፈረንሳይ ነው ያለው፣ ሰን ናዜር የምትባል መርከብ የሚሠራባት የባሕር ዳር ከተማ። ባለፈው ሰሞን በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ባሕሩ ዳር ካለው ረግረግ ውስጥ የቆመ ነጭ ወፍ ነው። ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ጥቁር፣ መንቁሩ እንደ ማጭድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ላባ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። ከሥሩ «ይሄ የቦዬው አይደለም እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ነዋ! ልጆች ሆነን ጉማሬ እናያለን ብለን ጅማ ዳር ወዳለው ቦዬ ረግረግ እንወርድ ነበር፣ ጉማሬው አልወጣም ሲል ከሰዓቱን የምናሳልፈው ይህንኑ ወፍ በድንጋይ እያባረርን ነው (ልጅነት ነው፣ አትፍረዱብኝ)።

እኔማ ደስ ብሎኝ «የአገርህ ሰው ናፍቆህ መጣ» ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን ከጎረቤቱ የሰማውን ነገረኝ። ጎረቤቱ አደን የሚወድ ሽማግሌ ነው። «ይህ ወፍ ወራሪ ነው፣ የሌላውን ወፍ እንቁላል ይበላል፣ መንግሥት ራሱ ነው በጥይት ያስፈጀው» ብሎታል። ወንድሜ ቋንቋው ገና ስለሆነ በትክክል ይስማው አይስማው እርግጠኛ አይደለሁም።

እውነት ነው ወይ? እኛ ጋ ከብት መሃል በሰላም የሚውል ወፍ እዚያ ሲደርስ ምን ቢያደርግ ነው ጥይት የተፈረደበት? ደግሞስ እንዴት ደረሰ፣ ባሕር አቋርጦ?

ሌላው ደግሞ ከዚሁ የመጣ ስጋት ነው። ዘንድሮ ቦዬ አጠገብ ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ ነጫጭ ወፎች ጎጆ ሲሠሩ አይቻለሁ። ድሮ እዚያ ጎጆ አላስታውስም። ከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታም ይህ ወፍ በመንጋ ነው የሚውለው። እየበዛ ከሄደ እኛም ጋ ጣጣ ያመጣል ማለት ነው? እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን አይተን የለ።

ፈረንጅ አራዳ፦

ሃሃሃ ወፉም ዲፖርት ሊደረግ ነው በለኛ! ራሳቸው ይወስዳሉ፣ ሲበዛባቸው ወራሪ ይላሉ። የለመድነው ነው። ወንድምህን ረግረግ አካባቢ ነጭ ልብስ እንዳይለብስ ምከረው።

ጨፌ፦

ቀልዱ ጥሩ ነው፣ «ራሳቸው ወሰዱት» ያልከውም በአጋጣሚ ልክ ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የማውቀውን ልበል።

የሽማግሌው ወሬ እውነት ነው። ወፉ በእንግሊዝኛ ሴክሬድ አይቢስ የሚባለው ነው። ባሕር አቋርጦ አልሄደም። ብሪታኒ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍል በስተደቡብ፣ ብራንፌሬ የሚባል የእንስሳት ፓርክ አለ። ይህ ፓርክ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ 20 ያህል ወፎችን ከኬንያ አስመጣ። ጎብኚ እንዲደሰት ብለው ጫጩቶቹን በሽቦ ሳይዘጉ፣ ክንፋቸውንም ሳይቆርጡ ለቀቋቸው። ጠዋት ይበርራሉ፣ ማታ ምግብ አለና ይመለሳሉ። ያምራል በእርግጥ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ግን፣ 1990 ላይ ፓርኩ ውስጥ ብቻ 150 ያህል ጥንድ ደርሰው ነበር። በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ መራባት ጀመሩ፣ አንዱ ቦታ የሞርቢያን ባሕረ ሰላጤ፣ ሌላው ናንት ከተማ አጠገብ ያለው ግራን ሊዩ ሐይቅ። ከዚያ የሎዋር ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት፣ ረግረጉ፣ የጨው ማሳው ሁሉ ቤታቸው ሆነ። ወንድምህ ያለበት ማለት ነው። 2005 አካባቢ በምዕራብ ፈረንሳይ የሚራቡት ከ1,000 ጥንድ በላይ ሆኑ። በሜዲትራኒያን በኩልም ሲዣን የሚባል ሌላ ፓርክ አለ፣ እዚያም ያው ታሪክ ተደገመ።

ምን አጠፋ ላልከው፣ ይህ ወፍ መንቁሩ የገባበትን ሁሉ ይበላል። ትል፣ ጥንዚዛ፣ እንቁራሪት፣ ዓሣ፣ የቆሻሻ ክምር። እንቁላልና ጫጩት ካገኘም አይምርም። እዚያ ባሕር ዳር ደግሞ ተርን የሚባሉ ትናንሽ ነጭ የባሕር ወፎች አሉ፣ ዛፍ ላይ ሳይሆን ሜዳ አሸዋ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚጥሉት። 2004 ላይ ሁለት አይቢሶች ብቻ 30 ያህል የተርን ጎጆ ባዶ አድርገዋል። ሁለት ናቸው፣ ልብ በሉ። ከዚያ ነው አጥኚዎች «ሳይበዛ ይጥፋ» ብለው መንግሥትን የመከሩት፣ በ2000ዎቹ ማብቂያም ተኩሱ ተጀመረ። በሺዎች ተገድለዋል። እንቁላሉ እንዳይፈለፈልም ያደርጋሉ። 2016 ላይ የአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያውን የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ሲያወጣ ይህ ወፍ ከ37ቱ አንዱ ነበር። አሁን እዚያ ማስገባት፣ ማርባት፣ መሸጥ፣ መልቀቅ ክልክል ነው።

ስለ ቦዬው ጎጆ ግን ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ጎጆው ላይ ያየሃቸው ወፎች መንቁራቸው ምን ዓይነት ነው? የታጠፈና ጥቁር ወይስ ቀጥ ያለና ቢጫ?

የቦዬ ልጅ፦

ኧረ ጉድ ነው! ለጎብኚ ብለው ለቀቁት? መንቁሩን አላስተዋልኩም፣ ከመንገድ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። እሁድ ወርጄ አያለሁ።

ሩዝ ማሳ፦

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ የመንደራ። አሁን የምኖረው ሰሜን ጣሊያን ኖቫራ አካባቢ ነው፣ ሩዝ የሚመረትበት። ይህ ወፍ እዚህም ሞልቷል። ከ1989 ጀምሮ ሴዚያ ወንዝ ዳር ሲራባ ነው የኖረው፣ እሱም ከእንስሳት ማቆያ ያመለጠ ነው።

የጨፌን ጽሑፍ አልቃወምም፣ ግን አንድ ጎን ቀርቷል። እዚህ ማሳው ሲዘጋጅ ከትራክተር ኋላ ተሰልፈው ሳያቸው ሁልጊዜ የኛ አገር እርሻ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በሬና ሳቢሳ። ምን እንደሚለቅሙ ታውቃላችሁ? ከአሜሪካ የመጣ ቀይ ሸርጣን መሰል ነገር አለ፣ ጥፍር ያለው፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር። እሱም ወራሪ ነው። የሩዝ ማሳውን ድንበር እየቦረቦረ ውሃ ያፈስሳል፣ ገበሬው አንጀቱ አርሯል። አይቢሱ እሱን እየፈለፈለ ይበላል። ፈረንሳይም ሆዳቸውን ከፍተው ያጠኑ ሰዎች አብዛኛው ምግባቸው ይኸው ቀይ ሸርጣንና ነፍሳት ነው፣ እንቁላል ጥቂቱ ነው ብለዋል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹም በአንድ ድምፅ አልነበሩም። አንዱ ወራሪ ሌላውን ወራሪ እየበላ ነው፣ ማንን ትተኩሳለህ?

ጨፌ፦

ሩዝ ማሳ ልክ ነህ፣ ክርክር ነበር። እኔ ግን ከተኳሾቹ ጎን ነኝ፣ ደስ ባይለኝም። «በአማካይ እንቁላል ጥቂት ነው የሚበላው» ማለት ለተርኗ ምን ይጠቅማታል? አማካዩን የሚሠራው ሺህ ወፍ ሸርጣን ሲለቅም ነው፣ ጎጆውን ባዶ ያደረጉት ግን ሁለት ናቸው። አንዳንዱ ወፍ እንቁላል መልቀም ይለምዳል፣ ከለመደ በኋላ አይተውም። ዶሮ ያረባ ያውቀዋል፣ እንቁላሏን የምትበላ ዶሮ አንዴ ከጀመረች መድኃኒቷ ቢላ ነው።

ደግሞ ፍሎሪዳን ተመልከቱ። ማያሚ አካባቢ 1992 ላይ የመጣው አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የእንስሳት ማቆያዎችን ካፈራረሰ በኋላ ይህ ወፍ በዱር መታየት ጀመረ። ጥቂት ሆኖ ሳለ ያዙት፣ አለቀ። በሺዎች መግደል አላስፈለገም። ፈረንሳዮቹ 15 ዓመት ቆመው አዩ፣ ዕዳው የመጣው ከዚያ ነው።

የጅሬን ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ስለ ስሙ ማንም አላነሳም።

ብዙ ሰው ይህንን ወፍ ጋጋኖ ይለዋል። እኛ ግን ጋጋኖ የምንለው ሌላውን ነው፣ ጠቆር ያለውን፣ ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበትን፣ ሲበርር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታየውን። ማለዳ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰፈሩን በጩኸት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ስሙም ከጩኸቱ የወጣ ይመስለኛል። ያ የደጋችን ወፍ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይም ከማይበሉት ወፎች ጋር ጋጋኖ ተብሎ ተጽፏል፣ የትኛውን እንዳሉ እንግዲህ ተርጓሚዎቹ ያውቃሉ። ነጩ የእሱ ዘመድ ነው። መንቁሩ ቢመሳሰልም ድምፁ የለም፣ ዝምተኛ ነው።

ለነጩ ድሮ ስም ነበረው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ18ኛው መቶ ዘመን አገራችን መጥቶ ሲመለስ ስለዚህ ወፍ ጽፏል። የአገሬው ሰው «አቡ ሐንስ» ይለዋል፣ አባ ዮሐንስ ማለት ነው ብሎ፣ ስሙንም ከዮሐንስ በዓልና ከዝናቡ ጋር አያይዞታል። የጥንት ግብፆች ያመልኩት የነበረው ወፍ ይህ ነው ያለውም እሱ ነው፣ በኋላ የፈረንሳይ ሊቃውንት የተገነዘውን ወፍ ፈትተው አጥንቱን አይተው ልክ ነህ አሉት። ግብፆች እኮ በሚሊዮን የሚቆጠር አይቢስ ገንዘው ቀብረዋል፣ ቶት ለሚሉት የጥበብ አምላካቸው። ሴክሬድ፣ ቅዱስ፣ የተባለው ለዚህ ነው። ዛሬ ግብፅ ውስጥ የለም፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ጠፍቷል። ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ትሬስኪዮርኒስ ኤቲዮፒከስ ነው። ኤቲዮፒከስ የሚለው በ1790 የወጣለት ስም ነው፣ ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ቢሆንም፣ ስማችንን ይዞ ነው የሚዞረው።

እና የኔ ልጅ፣ ስማችንን የያዘ ወፍ በጥይት ሲገደል ስሰማ ትንሽ ከፋኝ። ጨፌ ያለውም ግን ገብቶኛል።

የቦዬ ልጅ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ! አባ ዮሐንስ! ለወንድሜ አሁኑኑ ልኬለታለሁ። እናታችን ደግሞ አጠገቤ ሆና ስትሰማ «ታዲያ ቅዱስ ከተባለ ለምን ቆሻሻ ላይ ይውላል?» አለች። መልስ ያላችሁ ንገሯት።

ጨፌ፦

ለእማማ መልሱ ረኃብ ነው።

ጋሼ ያሉት የስም ጉዳይ ጥሩ ነው፣ እዚህ ጅማ ደግሞ ሦስተኛም አለ። ቡናማ፣ ክንፉ የሚያብረቀርቅ፣ ማታ ወደ ማደሪያው ሲሄድ «ሃ ዳ ዳ» እያለ የሚጮኸው። ሀዳዳ ነው ስሙ። የሱም ድምፅ ከጋጋኖ ጋር ይምታታል።

አሁን ወደ ቦዬ። የቦዬ ልጅ እምቦጭን አነሳህ፣ ጥሩ አድርገሃል፣ ልዩነቱ እዚያው ላይ ስለሚታይ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ጣና ላይ 2011 ሲታይ የሚያውቀው፣ የሚበላው፣ የሚያቆመው አልነበረም። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ፣ እርሻችን ላይ ቅንጨ አረም እንደዚያው። አይቢሱ ግን እዚህ የቤት ልጅ ነው። ሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ሲራባ የኖረ ነው። የሚበላው ንስር አለ፣ በጋ ሲሆን ውሃው ይደርቅበታል፣ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል፣ ቁጥሩ በዚያ ይመጠናል። እንቁላል መስረቁን እዚህም አልተወም፣ ነገር ግን የተሰረቁት ወፎች ከሱ ጋር ነው ያደጉት፣ የት መጣል እንዳለባቸው ያውቃሉ። ያው ወፍ፣ ያው መንቁር ነው፤ ቦታውና ያመጣው እጅ ነው የተለየው።

ስለዚህ ቦዬ ላይ አይቢስ በዛ ብለህ አትጨነቅ። ቆሻሻው ላይ መዋሉ ግን ምልክት ነው። ቆሻሻው ሜዳ ላይ ስለሚደፋ ነው የሚሰበሰበው፣ ከዚያ ተነስቶ ረግረጉ ውስጥ እግሩን ይታጠባል። የከተማው ፍሳሽ በአዌቱ በኩል ይወርዳል። ረግረጉ ራሱ በባሕር ዛፍ እየደረቀ፣ ለጡብ እየተቆፈረ፣ ለማሳ እየተጠነፈፈ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ስለ ሎዋር ረግረግ ስንከራከር ቦዬ ከእግራችን ሥር እያለቀ ነው። ለወፎቹ ከማዝን ይልቅ የማዝነው ለዚያች ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ላላት ጥቁር ክሬን ለምትባል ወፍ ነው፣ እሷ ጎጆዋን የምትሠራው ረግረጉ ውስጥ ሣሩ መሃል እንጂ ቆሻሻ ላይ አይደለም። ረግረጉ ከሄደ የምትሄድበት የላትም።

ጡብ ሠሪው፦

አስተማሪ፣ በአክብሮት ልናገር። ጡብ ጡብ አላችሁ ሁላችሁም። እኔ ከዚያ ጭቃ ነው ሦስት ልጅ ያሳደግሁት። አንዱ አንተ የምታስተምርበት ዓይነት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ተምሯል። የምትኖርበት ቤት ግድግዳስ ከየት የመጣ ይመስልሃል?

ደግሞ ያላያችሁትን ልንገራችሁ። ጭቃ ያወጣንበት ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ ውሃ ያቁራል፣ እንቁራሪት ይሞላዋል። ያ ነጩ ወፍ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው። እኛ እየሠራን ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ይቆማል፣ አይፈራም። ዘውድ ያላት ግን አትቀርብም፣ እውነት ነው፣ ከሩቅ ሰው ስታይ ትነሳለች። ድሮ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጨፍሩ እናይ ነበር፣ አሁን ብርቅ ሆነዋል። ባሕር ዛፉን የተከለው ግን ጡብ ሠሪ አይደለም።

ጨፌ፦

ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ ጥፋቱን አንድ ሰው ላይ መጫኔ ትክክል አልነበረም። የኔም ቤት ጡብ ነው። የጉድጓዱን ነገር አላውቅም ነበር፣ ቢመችህ አንድ ቀን ተማሪዎች ይዤ ልምጣና አሳየን።

ጡብ ሠሪው፦

ጧት ኑ። ከሰዓት እሳት እናነዳለን፣ ጭሱ ወፉንም እናንተንም ያባርራል።

ፈረንጅ አራዳ፦

እኔ በቀልድ የጀመርኩት ነገር ትምህርት ቤት ሆነ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እዚያ ዝርዝር ላይ ሌላ የኛ ወፍ አለ?

ሩዝ ማሳ፦

አለ። የግብፅ ዝይ የሚባለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለው። እኛ ሐይቆች ላይ በየቦታው ያለ ነው። እንግሊዞች ከ300 ዓመት በፊት ለመናፈሻ ጌጥ ብለው ወሰዱት፣ አሁን እንግሊዝም ሆላንድም ሞልቷል፣ 2017 ላይ እሱም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ጌጥ ብሎ የጀመረ ሁሉ እንዲህ ነው መሰለኝ።

የቦዬ ልጅ፦

እሁድ ወርጄ መጣሁ፣ ቃሌን ጠብቄ ሪፖርት ላቅርብ።

ጎጆዎቹ የአይቢስ አይደሉም! ጨፌ የጠየቅኸኝ መንቁር ቀጥ ያለና ቢጫ ሆኖ ተገኘ። ራሳቸውና ጀርባቸው ላይ ብርቱካናማ ላባ አለ። ለአንድ እረኛ ልጅ ባሳየው «ሳቢሳ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ። አርባ ዓመቴ ነው፣ የአሥር ዓመት ልጅ አስተማረኝ።

ከዚያ ቆሻሻው ጋ ሄድኩ። አይቢሱን ልቆጥር ሞከርኩ፣ 63 ላይ ስደርስ አንድ መኪና መጥቶ ሲገለብጥ ሁሉም ተነሱ፣ ጠፋብኝ። ሽታው ደግሞ ሁለተኛ የሚያስቆጥር አይደለም።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ከጎረቤቱ ጋር እንደገና አውርቷል፣ ስለ አባ ዮሐንስና ስለ ብራንፌሬ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ነግሮታል። ሽማግሌው «ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ጉዞ ብራንፌሬ የሄደች እህት አለችኝ፣ ወፎቹ ከእጇ በልተው ነበር፣ ተኩሱ የተጀመረ ጊዜ አልቅሳለች» አለው። እሱ ራሱስ ተኩሶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሜ «አልጠየቅሁትም፣ ቡና አፍልቶልኝ ነበር» አለኝ።

የጅሬን ሽማግሌ፦

ደግ አድርጓል አለመጠየቁ። አንተ ግን ፎቶ አንስተህ ከሆነ እዚህ ለጥፈው፣ ዓይኔ ሩቅ ስለማያይ በስልክ ላጎላው እችላለሁ። የሚመጣው እሁድ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ በባጃጅ ጎራ ብለህ ውሰደኝ፣ ቦዬን ካየሁ ቆየሁ። ቦት ጫማ አለኝ።